ሕግ አውጪዋ ዋስ የጠራችበት ጉዞ

ከጎንደር ተነስቶ የቧሂትን በር ተሻግሮ የጃናሞራ ወረዳ ከተማ መካነ ብርሃን የሚገባ ሰው ዛሬ ዛሬ ጥቂት ነው። የሚሄደውም ሰው አገሩ ስለሆነ ይሄዳል እንጂ ለማየት ብሎ አይደለም። እኔ ግን እንፍራንዝ ተወልጄ፣ ጎንደር ከተማ ጠመኔ ስይዝ ያረጀሁ፣ ብርድም ጠመንጃም የማልወድ ሰው ነኝ። ከመሸ ከአዘዞ ወደ ቤቴ በባጃጅ መምጣት እንኳ ያስፈራኛል። ይህ ሰው በታኅሣሥ ወር፣ ከአንዲት የምክር ቤት አባል ጋር፣ ጃናሞራ ደርሶ ተመለሰ ሲባል የሚያውቁኝ ሁሉ ሳቁ። ወደዚያ ለማትሄዱት እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ።

መነሻውን ካልነገርኳችሁ ግን መንገዱ ትርጉም የለውም። የማስተምረው በአንድ የክልል ኮሌጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ አልጋውም ምግቡም ይጠብቀዋል። የክልል ኮሌጅ ተማሪ ግን ከተማው ውስጥ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከአገሩ እያስመጣ ነው የሚማረው። መንገድ ሲዘጋ ስንቁ ይቀራል፣ ስንቁ ሲቀር ተማሪው ይቀራል። ከስሜን ደጋ የሚመጡት ሴቶች ልጆች እያነሱ ሄደው ባለፈው ዓመት ክፍሌ ውስጥ ከጃናሞራ የነበረችው ማስተዋል ብቻ ናት። እሷም ለፋሲካ አገሯ ገብታ ሳትመለስ ቀረች።

እታገኝ የድሮ ባልደረባዬ ናት። አንድ ትምህርት ቤት አስተምረናል፤ በኋላ እሷ የትውልድ አገሯን ጃናሞራን ወክላ የክልሉ ምክር ቤት ገባች። በዚያ ሰሞን የክልል ኮሌጆችን የሚመለከት ረቂቅ አዋጅ ለምክር ቤቱ ቀርቦ ነበር። ረቂቁ፣ ኮሌጆች ከሩቅ ወረዳ ለሚመጡ ተማሪዎች «አቅም በፈቀደ መጠን» መኝታ ያዘጋጃሉ ይላል። መሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው ይህን አባባል ያውቀዋል፤ አይሠራም ማለት ነው። እታገኝ በጥር ወር ጉባኤ ተነስታ አባባሉ ይውጣ ልትል ቆርጣለች። ከዚያ በፊት ግን የመረጡኝን ሰዎች ፊት ለፊት ካላየሁ አልናገርም አለች።

«አንተ ተማሪዎቹን ታውቃለህ። አብረኸኝ ሂድ» አለችኝ እቤቴ መጥታ።

እምቢ ልል አፌን ስከፍት ሚስቴ አበባ ከጓዳ «ይሄዳል!» አለች።

ሐሙስ ማለዳ ከጎንደር ወጣን። እታገኝ የምክር ቤት መታወቂያዋን አበባ ጋ ትታው ነው የመጣችው። በመንገዱ ላይ ማን እንደሚያስቆም፣ ያስቆመውም ለማን እንደሚወግን አይታወቅም፤ ባለሥልጣን ናት ከተባለ ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ተዝካር ልንበላ የምንሄድ ዘመዳሞች ነን ልንል ተስማማን። ሹፌራችን ደሴ የዳባት ሰው ነው፤ ቃል አይወጣውም። ነገሩን ስንነግረው መስተዋቱን አስተካከለና «እሺ» ብቻ አለ።

አምባ ጊዮርጊስን እስክናልፍ ፀሐይ ነበር። ዳባት ስንደርስ ነፋሱ የመኪናውን በር ከእጄ ነጠቀኝ። ጎንደር ላይ ካፖርት የለበሰ ሰው በዚህ ሙቀት ተብሎ ይሳቅበታል፤ እዚህ በካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርቤ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ከብርዱ ይልቅ ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ከደባርቅ ወዲያ ወደ ዛሪማ የሚወርዱ የጭነት መኪኖች ዳር ይዘው ተደርድረው ቆመዋል። ሾፌሮቹ ከጎማው ሥር ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ። «ምን ሆኖ ነው?» ብዬ ደሴን ብጠይቀው «ቁልቁለቱ ላይ ተኩስ ነበር» አለኝና መንዳቱን ቀጠለ። ከዚያ እስከ ደባርቅ ድረስ በየመታጠፊያው የደሴን ፊት አያለሁ።

ደባርቅ ያደርንበት ቤት ባለቤት ወፍራም፣ ደግ ሴትዮ ናቸው። እሳት አቀረቡልን፤ ትኩስ ሽሮ በገብስ እንጀራ አቀረቡልን። የገና ጾም ነበር። የት እንደምንሄድ ሲጠይቁን፣ ተዝካር አልናቸው።

«የማን ተዝካር?»

«የአክስቷ» አልኩ እኔ። በዚያው ቅጽበት እታገኝ «የአጎቴ» አለች።

ሴትዮዋ ማንኪያውን እንደያዙ ቀሩ። «ምነው፣ በጾም ተዝካር ይደገሳል እንዴ?» አሉ።

ሁለት የተማርን ሰዎች ስንት ቀን ቁጭ ብለን ስንመክር፣ በጾም ተዝካር የሚያወጣ ሰው እንደሌለ አላሰብነውም። ያቺን ደቂቃ የራሴን ስም ቢጠይቁኝም አላስታውሰው። እታገኝ ግን ፊቷን ቅጭም አድርጋ፣ «ባልና ሚስት ነበሩ እማማ። ተከታትለው ሄዱ። አርባቸው በጾም ዋለ፤ አርባ ደግሞ አይተላለፍም» አለች። ሴትዮዋ ዕንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ጓዳ ገብተው ጧፍ ይዘው መጡና ለሟቾቹ ነፍስ እንድናበራላቸው አደራ ብለው ሰጡን። የአልጋውንም ሒሳብ አንቀበልም አሉን፤ ሐዘንተኛ አላስከፍልም ብለው። ያልሞቱ ሰዎችን ጧፍ አቅፌ ስተኛ፣ እግዜር በዚህ መንገድ ላይ ይቀጣናል ብዬ በእውነት ፈራሁ።

ዓርብ ወደ ላይ ወጣን። ከደባርቅ በኋላ መንገዱ ጠጠር ነው፤ በአንድ ጎኑ ተራራ፣ በሌላ ጎኑ ምንም የለም። ሰው ስለ ስሜን ሲያወራ ዋልያውን፣ ጭላዳ ዝንጀሮውን፣ ገደሉን ያነሳል። ጭላዳዎቹን አይቻለሁ፤ ሣር እየነጩ ቀና ብለው እንኳ አላዩንም። ገደሉን ግን ዓይኔን ጨፍኜ ስላለፍኩት አልነግራችሁም። ጨነቅ የሚባለውን ቦታ አልፈን፣ ጅብራ የሚሉት የውርጭ ተክል ብቻ የሚበቅልበት ላይ ስንደርስ ራሴን የሚፈልጥ ሕመም ያዘኝ። ደሴ ከኪሱ ነጭ ሽንኩርት አውጥቶ ሰጠኝ። አኝኬው ጥቂት ቀለል ሲለኝ ጎማ ፈነዳ።

ጎማው የፈነዳው የቧሂት በር ላይ፣ ተራራው በሚታለፍበት ቦታ፣ ጭጋጉ ውስጥ ነው። ደሴ መኪናውን ሲያነሳ እኔ ድንጋይ ከጎማው ሥር ላደርግ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ከበውናል። የደንብ ልብስ የለበሰም አለ፣ ነጠላ የተከናነበም አለ። የማን እንደሆኑ አላወቅሁም፤ መጠየቅም የሚታሰብ አይደለም። አለቃቸው የሚመስለው አረንጓዴ ሻርፕ የጠመጠመ ጎልማሳ ነው።

«ወዴት ነው?»

ከመኪናው ሥር የደሴ ድምፅ ወጣ፤ «አርባ ነው። መካነ ብርሃን።»

ባለ ሻርፑ እታገኝን ትክ ብሎ አያት። እሷም ነጠላዋን አፏ ድረስ ሳበች። ከዚያ ከሰዎቹ አንዱ ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጥቶ ከደሴ ጋር ጎማውን አጠበቀ። ስንሄድ «እግዜር ያጥናችሁ» አለን። ጎንደር አደባባይ ላይ ጎማህ ቢፈነዳ ማንም ቆሞ አያግዝህም፤ እዚህ ያስፈራኝ ሰው ነው ጎማዬን የገጠመልኝ። ይህን ሳስብ ፍርሃቴ መቀነስ ሲገባው ጭራሽ ባሰ። ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ምን እንደምጠብቅ አውቅ ነበር።

መካነ ብርሃን አመሻሹ ላይ ገባን። ያረፍነው ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ የማስተዋል አባት አያ አስረስ ቤት ነው። ቅዳሜን ሙሉ እዚያ ዋልን። ቤቱ በድንጋይ የታነጸ፣ ከብቶቹ ከአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩበት ነው። እኔ ጎንደር የጎረቤት ውሻ ሲተነፍስ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው፣ በበሬ ትንፋሽ ሞቄ ተኛሁ። አያ አስረስ የራሳቸውን ባና፣ ያንን ከባድ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ በላዬ ጥለውልኝ እሳቸው በጋቢ አድረው ኖሯል። ጠዋት ሳውቅ አፈርኩ። «እኔ ለምጄዋለሁ፣ እርስዎ የቆላ ሰው ነዎት» አሉኝ። እንፍራንዝ ቆላ መባሏን የሰማሁት ያኔ ነው።

መስተንግዷቸው እንዲህ ሆኖ ሳለ ስለ ኮሌጅ ስናነሳ ግን ፊታቸው ተዘጋ።

«ማስተዋልን ጎንደር የላክኋት እኔ ነኝ» አሉ። «አራት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራዩ። ስንቅ ጭኜ ደባርቅ ስደርስ መንገዱ ተዘጋ፤ ተመለስኩ። እህሉን በላነው፤ ልጄ እዚያ ጦሟን አደረች። አከራይዋ ውጡ አለቻቸው። ሴት ልጅ ከተማ መሐል ውጪ ስትባል ወዴት ትወጣለች? ይንገሩኝ መምህር፣ ወዴት ትወጣለች?»

መልሴን ሳይጠብቁ ጉማጅ እሳቱ ውስጥ ጨመሩ።

«አሁን ሸጋ ቤት ጠይቋታል። ሽማግሌ መጥቷል። ለጥር እሺ ልል ነው።»

ማስተዋል በሩ አጠገብ ገብስ ታበጥር ነበር። ክፍሌ ውስጥ ስትጠየቅ ፈጥና የምትመልስ፣ ስትሳሳት ራሷ ቀድማ የምትስቅ ልጅ ነበረች። አሁን ሰፌዱን እያነሳች እየጣለች ቀና አላለችም። ውጭ ስንወጣ ብቻ ተከትላኝ መጣችና «መምህር፣ የክፍል ጓደኞቼ ሁለተኛ ዓመት ጀመሩ?» አለችኝ። ጀምረዋል አልኳት። ራሷን ነቅንቃ ተመለሰች። የሚያስፈራኝ መንገዱ ብቻ መስሎኝ ነበር የመጣሁት። ያን ቀን ግን ይህች ልጅ በጥር ወር ተድራ፣ ከዓመት በኋላ ገበያ ላይ አግኝቻት እንዳላወቀችኝ ሆና የምታልፈኝ ታየኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ነበር። ሰንበቴ ማለት የአጥቢያው ሰው በየተራ ጠላና ዳቦ እያወጣ በደጀ ሰላም የሚሰበሰብበት ማኅበር ነው። የአገር ነገር የሚነገረውም እዚያው ነው። እታገኝን ሁሉም ያውቋታል፤ እዚህ ተዝካር ብሎ ነገር የለም። የደባርቋን ሴትዮ ጧፍ ለቄሱ ሰጥተን ለአገሩ ሙታን ሁሉ እንዲያበሩት አደረግን።

እታገኝ ተነስታ ተናገረች። ረቂቁን በቀላል ቋንቋ አስረዳች። አባባሉ ከወጣ ኮሌጆቹ መኝታ የመሥራት ግዴታ እንደሚገባባቸው፣ ካልወጣ ግን እንደ ነበረው እንደሚቀር ነገረቻቸው። ስትጨርስ ማንም አላጨበጨበም። እኔ አጥሩን፣ በሩን፣ ከዛፉ ሥር የተቀመጡትን የማላውቃቸውን ወጣቶች አያለሁ። ከመካከላቸው አንዱ ተነስቶ ሲወጣ፣ ወሬ ሊያደርስ ነው ብዬ በዓይኔ እስከ አጥሩ ተከተልኩት።

የሰንበቴው ሙሴ፣ መሪያቸው ማለት ነው፣ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

«ሸጋ ተናግረሻል» አሉ። «ያለፉትም ሸጋ ይናገሩ ነበር። እኛ በቅሎ ስንሸጥ እንኳ ዋስ እንጠራለን። ገዢው ነገ በቅሎዋ ላይ ነገር ቢገኝ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል። አንቺ በእኛ ስም እጅ ስታወጭ ዋስሽ ማን ነው?»

ሰው ሁሉ አጉረመረመ። እታገኝ ዞራ እኔን አየችኝ። «መምህሩ...» ስትል ሙሴው አቋረጧት።

«እሳቸው እንግዳ ናቸው፣ ነገ ይሄዳሉ። ዋስ ሲፈለግ የሚገኝ ሰው ነው።»

ደስ አለኝ፤ ልዋሽ አልችልም። ደስታዬን ለመደበቅ ጠላዬን ጎነጨሁ።

«ደግሞም ሕጉን አመጣለሁ አትበይን» ቀጠሉ ሙሴው። «የአንቺ እጅ አንድ ናት። ተነስቼ እናገራለሁ በይ። የሆነውን፣ ቢሳካም ባይሳካም፣ እዚሁ መጥቼ ከፊታችሁ ቆሜ እናገራለሁ በይ። ለዚህ ዋስ ጥሪ።»

«እላለሁ» አለች እታገኝ። «ዋሴ...» ብላ ዙሪያውን ቃኘች። ሰዎቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። በዚህ ጊዜ ለምክር ቤት ሰው ዋስ መሆን ምን እንደሚያመጣ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ከሴቶቹ ወገን ማስተዋል ተነስታ ቆማ አባቷን ታያለች።

አያ አስረስ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«እኔ ዋስ ነኝ» አሉ። «መጥታ ከዋስትናው እስክታወርደኝም ልጄን አልድርም።»

የጠያቂው ቤት ሽማግሌዎች እዚያው ተቀምጠው ነበር። አንዱ ጋቢውን አራግፎ ወጣ። ሙሴው ውሉን ጮክ ብለው ደገሙት፤ እታገኝ ከዐቢይ ጾም በፊት መጥታ ከማኅበሩ ፊት ካልቆመች፣ አያ አስረስ ከሰንበቴው ይወጣሉ፣ ልጅቱም ለጠየቃት ቤት ትሰጣለች። በዚያ አገር ከሰንበቴ የወጣ ሰው ቢሞት ቀባሪ ይቸግረዋል። እታገኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ይሁን» ስትል ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። እሷ ስትፈራ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰኞ ተመለስን። አያ አስረስ እስከ ወንዙ ሸኝተውን፣ ለአበባ ብለው አንድ ከረጢት ገብስ ጫኑልን። ሽቅቡን ስንወጣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ስለዚህ ሰዎቹን ከሩቅ አየኋቸው። በሩ ላይ፣ በዚያው ቦታ። ባለ ሻርፑ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

ደሴ ፍጥነቱን ቀነሰ። «ዝም በሉ» አለ። በአምስቱ ቀን ከአፉ የወጣ ምክር ይኸው ነው።

ባለ ሻርፑ በመስኮቱ ጎንበስ አለ። «አርባው ሸጋ ነበር?»

«ሸጋ ነበር» አልኩ እኔ። ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጠነብኝ።

«ማን ነበር የሞተው?»

እታገኝ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። «የሞተ የለም» አለች። «የምክር ቤት አባል ነኝ። የመረጡኝን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

የመኪናውን በር እጀታ ጨበጥኩ። ከኋላው ያሉት ቀና ቀና አሉ። አበባን አሰብኩ፣ ስለ እኔ ሞት ማን እንደሚነግራት አሰብኩ።

ባለ ሻርፑ ግን አልደነገጠም። «እናውቃለን» አለ። «ትናንት ሰምተናል። አያ አስረስ ዋስ ሆነውሻል አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

እጁን ጸጉሩ ውስጥ ከትቶ አከከ። የተናደደ ይመስል ነበር። «የእናቴ አበልጅ ናቸው» አለ። «አንቺን እዚህ ብናስቀርሽ እሳቸው በስተርጅና ከሰንበቴ ሊወጡ ነው።» ከመስኮቱ ቀና አለ። «ሂጂ።»

ደሴ ሞተሩን ሲያስነሳ ባለ ሻርፑ መስኮቱን በእጁ ያዘ። «ስትመለሽ በዚሁ ነው?»

«ሌላ መንገድ አለ?»

«የለም» አለ። «ግን እኔ እኖራለሁ አልልሽም። ያን ጊዜ እዚህ የሚቆመው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። እሱ አያ አስረስን ላያውቅ ይችላል።»

ይህን በክፋት አልተናገረውም፤ ሊያስጠነቅቀን ነው። ጎንደር ስገባ የቤቴን በር ቁልፍ ሁለቴ አዞርኩት። ከቧንቧው ውኃ አልነበረም፤ እንደ ተለመደው። እኔ ግን ያን ዕለት ደረቁን ቧንቧ እንኳ ወደድኩት።

ጉባኤው በጥር መጨረሻ ዋለ። እኔና አበባ በቴሌቪዥን ተከታተልነው። አዳራሹ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ በእያንዳንዱ ፊት የውኃ ጠርሙስ የተቀመጠበት ነው። የኮሌጆቹ ረቂቅ ሲደርስ እታገኝ እጇን አወጣች። የተናገረችው አጭር ነው። ስለ ማስተዋል ነገረቻቸው፣ ስሟን ሳትጠራ። ስለ መኝታው ነገረቻቸው። ከዚያ «እኔ ዋስ ጠርቼ ነው የመጣሁት። ዋሴ ጃናሞራ ተቀምጦ ይጠብቀኛል» አለች። ጠርሙሱን የሚከፍተው ሁሉ እጁ ቆመ። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ናቸው፤ ዋስ ምን እንደሆነ ሕግ ሳይማሩ ያውቁታል። አፈ ጉባኤው ማሻሻያውን ለድምፅ አቀረቡ። እጆች ወጡ፤ መጀመሪያ ጥቂት፣ ከዚያ ብዙ። አባባሉ ከአዋጁ ወጣ። አበባ እልል አለች፤ ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ መጣ።

ስልክ ለማግኘት አያ አስረስ ጉብታ መውጣት አለባቸው። ስንት ጊዜ ሞክሬ በማግሥቱ አገኘኋቸው። ነፋሱ ይጮሃል። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«እሰይ» አሉ። «እግዜር ይስጣት። መቼ ትመጣለች?»

«አያ አስረስ፣ ተሳክቷል እኮ። ለሙሴው ይንገሩልን። መንገዱ ብሶበታል ይባላል፣ እስኪረጋጋ...»

«መምህር» አሉኝ ቀስ ብለው፣ ለማይገባው ልጅ እንደሚናገሩ። «ዋስ በስልክ አይወርድም። ከሰው ፊት ነው የሚወርደው። ልጅቱም ልብሷን ጠቅልላ ተቀምጣለች። ስትመጡ ወደ ትምህርቷ ይዛችኋት ትሄዳላችሁ።»

እታገኝ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እቤታችን መጥታ ነበር። ደሴን አነጋግራዋለች፣ እሺ ብሏታል። ማክሰኞ ማለዳ እንነሳለን አለች። በሩ ላይ ማን እንደሚቆም አናውቅም። ከማክሰኞ በፊት ይህን ጽፌ ልጨርስ ብዬ ነው የተቀመጥኩት፤ አበባ ለመንገዱ ጋቢዬን አጥባ ገመድ ላይ አስጥታዋለች።